የሚስተር ሾሮክ ደብዳቤ ያልመጣበት ዓመት

ግሌኒስ ኤንትዊስል በሄዝልሾ ከተማ ምክር ቤት ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ አንድም ከንቲባ ስሟን አስተካክሎ ጠርቷት አያውቅም። እሷም ማረሙን ከተወች ቆይታለች። የክትትልና ቁጥጥር ኮሚቴው ጸሐፊ ነበረች። ጸሐፊ ትባል እንጂ ጥናቱን የምታጠናው፣ ምስክሮቹን የምትጠራው፣ ሪፖርቱን የምትጽፈው፣ አንዳንዴም ሻዩን የምታፈላው እሷው ነበረች።

ኮሚቴው ዘጠኝ አባላት አሉት። ከተማዋን የሚያስተዳድሩት ሌሎች ናቸው፤ የዘጠኙ ሥራ አስተዳዳሪዎቹን መጠየቅ ነው። ማዘዝ አይችሉም። አንድ ጉዳይ ይመርጡና ወራት ወስደው ይመረምሩታል፣ የሚመለከተውን ሰው ጠርተው ያነጋግራሉ፣ በመጨረሻም እንዲህና እንዲህ ቢደረግ ይሻላል ብለው ለሥራ አስፈጻሚው ይጽፋሉ። ሥራ አስፈጻሚውም ያመሰግናል። ግሌኒስ አርባ አንድ ሪፖርት ጽፋለች። ከአርባ አንዱ ስንቱ በእርግጥ አንድ ነገር እንደለወጠ አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብላ ልትቆጥር ሞክራ ነበር፤ ስድስት ላይ ስትደርስ ተነስታ ልብስ ልታጥብ ሄደች።

ሥራው ሁሉ የሚጀምረው መጋቢት ላይ ነው። በቤተ መጻሕፍቱ በር፣ በገበያው ሰሌዳና በምክር ቤቱ ድረ ገጽ "ዘንድሮ ምን እንድንመረምር ትፈልጋላችሁ?" የሚል ማስታወቂያ ትለጥፋለች፤ ሰውም ይጽፋል። ጎረቤቴ ዛፉን ይቁረጥልኝ የሚል አለ። የማዘጋጃ ቤቱ ሰዓት ለምን አራት ደቂቃ ይዘገያል የሚል አለ። ስለ ርግቦቹ በየዓመቱ ሦስት ገጽ የምትጽፍ ሴት አለች። ግሌኒስ ሁሉንም ታነባለች። የግል አቤቱታ የሆነውን ወደሚመለከተው ክፍል ትመራለች፣ ሌላ አካል የያዘውን ታወጣለች፣ የቀረውን በአንድ ሰንጠረዥ ደርድራ ነጥብ ትሰጠዋለች። ጥያቄዎቹ አራት ናቸው፦ ስንት ሰው ተቸግሯል? ምክር ቤቱ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ? ሌላ የሚመረምረው አለ? ከከተማዋ ዕቅድ ጋር ይሄዳል? ለእያንዳንዱ ከዜሮ እስከ አምስት ነው፤ ሲደመር ከሃያ። ከዚያ ዘጠኙ ተሰብስበው ይመርጣሉ።

ሰንጠረዡን የሠራችው ራሷ ነች። ከሱ በፊት የሚመረጠው አብዝቶ የጮኸ አባል ያመጣው ጉዳይ ነበር፤ በዚህ የተነሳ ኮሚቴው አንድ ዓመት ሙሉ የጎልፍ ሜዳውን ሣር ሲመረምር ከርሟል። ሰንጠረዡ ሲመጣ ጩኸቱ ቀነሰ። ያኔ ኮርታበት ነበር። አሁን ስታየው እንደ ማንኛውም የቢሮ ወረቀት ነው።

በየዓመቱ ከሚመጡት ጥቆማዎች አንዱ የሚስተር ዋልተር ሾሮክ ነበር። ሚስተር ሾሮክ ሠላሳ አንድ ዓመት በከተማዋ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ከገበያው ጀርባ የነበረው የሕዝብ ሽንት ቤት ከተዘጋ ጀምሮ ዘጠኝ ዓመት፣ ዘጠኝ ደብዳቤ፣ በሰማያዊ ቀለም፣ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ። ሽንት ቤቱ ለምን ተዘጋ፣ ማን ወሰነ፣ ሽማግሌና እርጉዝ ሴት የት ይሂዱ? ጥቆማው አንድ ዓመት ስድስት ያገኛል፣ አንድ ዓመት ሰባት። ከስምንት አልፎ አያውቅም። የሚመረጡት ከአሥራ አራት በላይ ያገኙት ናቸውና ጉዳዩ ሲጠራ አንዱ አባል ፈገግ ይላል፣ ሌላው ገጹን ይገልጣል፤ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግሌኒስም ለሚስተር ሾሮክ ትጽፋለች፦ ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን፤ ኮሚቴው በጥሞና ተመልክቶታል።

ዘንድሮ ለግሌኒስ ከባድ ዓመት ነበር። አብራት ትሠራ የነበረችው ልጅ ለቃ ሌላ ሰው አልተተካም፤ ስለዚህ ኮሚቴው እንደ ወትሮው ሦስት ሳይሆን አንድ ጉዳይ ብቻ እንዲመርጥ ተነግሮታል። ጉልበቷ ደረጃ ስትወጣ ያማታል። ጥቅምት ላይ ጡረታ ትወጣለች። ምን ታደርጊያለሽ ሲሏት እተኛለሁ ትላለች፤ ሰዎቹ ይስቃሉ፤ እሷ ግን ቀልዷን አልነበረም።

ጥቆማ ማስገቢያው ሊዘጋ ሁለት ቀን ሲቀረው ወረቀቶቹን ቆጠረች፤ ሃምሳ ስምንት። በሰማያዊ ቀለም የተጻፈው የለም። እንደገና አገላበጠች። የለም። መጀመሪያ ያሰበችው ሞተዋል ብላ ነው። የከተማዋን ጋዜጣ አውጥታ የሐዘን ማስታወቂያውን ሦስት ወር ወደ ኋላ ሄዳ አየች፤ ስማቸው አልነበረም። ረቡዕ ምሳ ሰዓት ላይ የሥጋ ፓይዋን በመኪናዋ ውስጥ በልታ ወደ ሚስተር ሾሮክ ሰፈር ነዳች። 

በሩን የከፈቱት ራሳቸው ናቸው፤ በቤት ጫማ፣ በሁለት ሹራብ። ከምክር ቤቱ መሆኗን ስትነግራቸው ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት።

"ሞቷል ብለሽ ነው የመጣሽው?" አሏት።

ግሌኒስ የምትዋሽበት አቅም አልነበራትም። "አዎ" አለች።

ሳቁና አስገቧት። ቤቱ ሙቀቱ ያፍናል። ሻይ በወተት አፍልተው ሰጧት፤ ለራሳቸው ግን አልቀዱም። ደብዳቤው ለምን እንደቀረ ጠየቀቻቸው። እንደተዉት ነገሯት። አልተናደዱም፤ የአየሩን ሁኔታ እንደሚያወሩ ሁሉ ረጋ ብለው ነበር የሚናገሩት። ገበያ ከወጡ ሁለት ዓመት ሊሆናቸው ነው። የእህታቸው ልጅ የሚያስፈልጋቸውን በስልክ አዝዛ በር ድረስ ታስመጣላቸዋለች። ስለዚህ ሽንት ቤቱ ተከፈተ ተዘጋ ለሳቸው ለውጥ የለውም።

ለምን መውጣት እንደተዉ አልጠየቀቻቸውም፤ እሳቸው ግን ነገሯት። አንድ ማክሰኞ የአይብ ሻጩ ጋ ወረፋ ይዘው ቆመው ነበር። ፊት ለፊታቸው ሦስት ሰው ነበር። አምልጧቸው ሱሪያቸው ረጠበ። ከኋላቸው የነበረችው ሴትዮ ለሃያ ዓመት አውቶቡሳቸው ላይ ስትሳፈር የኖረች ነበረች።

"እንዳላየች ሆነች" አሉ። "ብትስቅ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን ወደ አይቡ አዞረች፣ እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ፣ አለቀ።"

ግሌኒስ ኩባያዋን አስቀመጠች። እሳቸው ደግሞ ሌላ ነገር ማወቅ ፈልገው ነበር። እናንተ ስትመርጡ በምንድን ነው የምትመርጡት ብለው ጠየቋት። አራቱን ጥያቄዎች ነገረቻቸው። እያንዳንዱን በጥሞና ሰሙ፤ አውቶቡስ ሲነዱም እንዲህ ሳይሆኑ አይቀሩም ስትል አሰበች።

"የመጀመሪያው" አሉ፣ "ስንት ሰው እንደተቸገረ በምን ታውቃላችሁ?"

"በሚመጣልን አቤቱታ ነው።"

"እኔ ዘንድሮ አልጻፍኩም።"

"አዎ።"

"ስለዚህ በናንተ ቁጥር አንድ ችግረኛ ቀነሰ።"

ግሌኒስ ሰዓቷን አየች። ልትሄድ ስትነሳ፣ ቀኑ አላለፈም፣ አሁንም መጻፍ ይችላሉ አለቻቸው። በሩ ድረስ ሸኟት።

"አንቺ ልጅ፣ ዘጠኙን እኔ ጽፌያለሁ" አሏት። "አሥረኛውን አንቺ ጻፊው።"

የስድሳ አንድ ዓመቷ ግሌኒስ ልጅ ተብላ ከተጠራች ዘመን አልፏል። ወደ ቢሮ ስትመለስ በመንገድ ላይ ነገሩ እየከነከናት ሄደ። ሚስተር ሾሮክ የተናገሩት አዲስ ነገር አልነበረም። ቤቱ የተቀመጠ ሰው አቤት አይልም፤ ይህን እሷም ታውቀው ነበር። ግን ታውቀው የነበረው፣ ሰው የክፍሉ መስኮት እንደማይዘጋ በሚያውቀው ዓይነት ነው፤ ለምዳው ነበር።

ደንቡ በከተማዋ የሚኖር ማንኛውም ሰው ጥቆማ ማቅረብ ይችላል ይላል። ደንቡንም የጻፈችው እሷ ናት። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባዶ ቅጽ አውጥታ ስሟንና የቤቷን አድራሻ ሞላችበት፣ "የገበያው ሽንት ቤት መዘጋትና ከዚያ ወዲህ ከቤት የማይወጡ ሰዎች" ብላ ጻፈችና ከሃምሳ ስምንቱ ጋር አያይዛ ወደ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዘንድ ሄደች።

ሰብሳቢው ሚስተር ብሬንዳን ሃስላም የቀድሞ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ናቸው። ክፋት የለባቸውም፤ ስብሰባ በሰዓቱ እንዲያልቅ ብቻ ይወዳሉ። ወረቀቱን አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"አይከለከልም" አሉ። "ግን ግሌኒስ፣ ስድስት ወር ነው የቀረሽ። ምን ነካሽ?"

"ምንም አልነካኝም። ደክሞኛል።"

"የደከመው ሰው አርፎ ይቀመጣል እንጂ።"

በስተመጨረሻ ተስማሙ። ለዚህ ጥቆማ ነጥብ የምትሰጠው እሷ አትሆንም፤ አባላቱ ራሳቸው ይሰጡታል። ሲነጋገሩበትም ከክፍሉ ትወጣለች።

ስብሰባው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተጀመረ። ከተጣሩት ጥቆማዎች ከላይ የነበረው አሥራ ሰባት ነጥብ ያገኘ ነው። የጻፈችው ሎርና ፊልድሰንድ የምትባል እናት ናት፤ መራመድ የማይችል የሰባት ዓመት ልጅ አላት። የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ልጇን ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ ወስዶ ከተማውን ሲዞር ይቆይና ሦስት ሰዓት ላይ ያደርሰዋል። እንዲህ የሚመላለሱ አሥራ አንድ ልጆች አሉ። ግሌኒስ ነጥቡን ስትሰጥ እጇ አላመነታም ነበር።

ሽንት ቤቱ ሲጠራ ተነሳች። ወደ በሩ ስትሄድ ሚስተር ኖርማን ራሽዎርዝ፣ በኮሚቴው ውስጥ ከሁሉ አንጋፋው አባልና የቀልድ ምንጭ፣ ጋዜጣው ነገ ምክር ቤቱ ሽንት ቤት ገባ ብሎ እንደሚጽፍ ተናገሩ። ሳቁ በሩን እስክትዘጋው ተከተላት።

ኮሪደሩ ላይ በቀድሞ ከንቲባዎች ፎቶግራፍ ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። አንድ ደቂቃ ብላ ገምታ ነበር። አሥር ደቂቃ ሆነ። ሃያ ሆነ። አንዴ ሳቅ ሰማች፣ ከዚያ አንድ የሴት ድምፅ፤ ቃሉ አይለይም። ጉልበቷን እያሸች ጠበቀች። እንቅልፍም ወስዷት ነበር መሰል፣ ሰብሳቢው በሩን ከፍተው ሲጠሯት ደንግጣ ተነሳች። አርባ ደቂቃ አልፏል።

ውስጥ የሆነውን በኋላ የነገረቻት ተህሚና ሚርዛ ናት። ተህሚና በዚያ ዓመት የተመረጠች አዲስ አባል ናት፤ ሥራዋ በገበያው ጥግ ያለው መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው። በኮሚቴው ውስጥ እስከዚያ ቀን ብዙም ተናግራ አታውቅም። ያን ቀን ግን እጇን አውጥታ አንድ ነገር ነገረቻቸው። የልብ ሕመም ያለባቸው ሽማግሌዎች የሚያሸና ኪኒን ይወስዳሉ። ገበያ ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። ማክሰኞና ቅዳሜ ኪኒናቸውን የማይውጡ እንዳሉ የምታውቀው ወሩ ሲያልቅ ከሚተርፈው ኪኒን ነው። ስትጠይቃቸው ያፍራሉ። ባለፈው ክረምት አንዷ እግሯ አብጦ፣ መተንፈስ አቅቷት በአምቡላንስ ሄደች።

 ቀጥለው የተናገሩት ሚስተር ራሽዎርዝ ነበሩ። ቀዶ ሕክምና ካደረጉ ወዲህ የከተማዋን ሻይ ቤት ሁሉ አውቀውታል፤ ሽንት ቤት ለመግባት ሲሉ የማይፈልጉትን ሻይ ይገዛሉ፣ ሻዩ ደግሞ ወደሚቀጥለው ሻይ ቤት ይነዳቸዋል። ሰው ሊስቅ ጀምሮ ነበር። እሳቸው ስላልሳቁ ተወው።

ነጥብ ሲሰጥ ግን ሽንት ቤቱ ዘጠኝ ብቻ አገኘ። የመጣው አቤቱታ አንድ ነው፤ በከተማዋ ዕቅድ ውስጥም የለም። ሰብሳቢው፣ እንግዲህ ቁጥሩ ተናግሯል፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ አሉ። ተህሚና አላለፈችም። ሰንጠረዡ እንዲረዳን የተሠራ ነው እንጂ በኛ ፋንታ እንዲመርጥ አይደለም አለች። ድምፅ ይሰጥ ተባለ። አምስት ለአራት፤ ሽንት ቤቱ ተመረጠ። አሥራ ሰባት ነጥብ ያለው የአሥራ አንዱ ልጆች አውቶቡስ ወደቀ።

ግሌኒስ ይህን ስትሰማ የተሰማት ደስታ አልነበረም። ቢሮዋ ገብታ ኮቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች። አንድ ጉዳይ ብቻ እንደሚመረጥ እያወቀች ነበር ያስገባችው። ረቡዕ ዕለት ስለ ሚስተር ሾሮክ ብቻ ነበር የምታስበው፤ ሐሙስም እንዲሁ። የሎርና ፊልድሰንድ ወረቀት ግን ያን ጊዜም ጠረጴዛዋ ላይ ነበር።

በማግስቱ የተለመደውን ደብዳቤ ከፈተች። ስለ ጥቆማዎ እናመሰግናለን። ኮሚቴው በጥሞና ተመልክቶታል። እስከዚያ ድረስ ጻፈችና አልገፋ አላት። ስልኩን አንስታ ለሎርና ደወለች። ማንነቷን ተናግራ፣ ጥቆማዋ አለመመረጡን ነገረቻት።

ከሎርና ጀርባ ልጅ ሲጮኽ ይሰማ ነበር። "ስንት አገኘ?" አለች ሎርና።

"አሥራ ሰባት። ከሁሉም የበላይ ነበር።"

"ታዲያ ምን ተመረጠ?"

"የገበያው ሽንት ቤት።"

 ሎርና በጣም በዝግታ፣ "የኔ ልጅ እኮ ሁለት ሰዓት አውቶቡስ ላይ ሲቀመጥ እሱም ሽንት ቤት የለውም" አለች።

ግሌኒስ ይቅርታ ጠየቀቻት። ሽንት ቤቱን የጠቆመችው እሷ መሆኗንም ነገረቻት። መናገር አልነበረባትም፤ ደንቡ አያስገድድም። ሎርና አልተቆጣችም፣ አልሰደበችም። ስለደወልሽ አመሰግናለሁ ብላ ስልኩን ዘጋች። ከቁጣ የባሰ ነበር።

ግሌኒስ የልጆቹን ወረቀት ይዛ ተህሚና መድኃኒት ቤት ሄደች። በኮሚቴው በኩል ባይሆን በሌላ በኩል መንገድ ይኖር እንደሆነ ተመካከሩ። ተህሚና በሙሉ ምክር ቤቱ ፊት ጥያቄ አድርጋ አነሳችው። መልሱ በጽሑፍ መጣ፤ አምስት መስመር ነው፣ ጉዳዩ እየተጠና ነው ይላል። ተህሚና በሚቀጥለው ስብሰባ ደግማ ጠየቀች፣ ሰኔ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ። በመስከረም አውቶቡሱ ሁለት ሆነና የልጆቹ መንገድ ወደ አንድ ሰዓት ወረደ። ሎርና አንድ ሰዓትም ብዙ ነው ብላ ጻፈች። ትክክል ነበረች።

ሽንት ቤቱን ኮሚቴው በጋውን ሙሉ መረመረው። ጥቆማው የግሌኒስ በመሆኑ ምስክሮቹን ሰብሳቢው እየመረጡ እሷ ደግሞ ትጽፍ ነበር። ገበያው መሃል ጠረጴዛ አውጥተው ተቀመጡ። በመጀመሪያው ቀን ማንም አልቀረበም፤ በሁለተኛው ቀን ሚስተር ራሽዎርዝ የራሳቸውን ታሪክ ጮክ ብለው ማውራት ሲጀምሩ ሰው መጣ። ሰባ አራት ሰው አነጋገሩ። ኮሚቴው ሦስት ነገር ቢደረግ ይሻላል ብሎ ጻፈ፤ ሥራ አስፈጻሚው አመስግኖ አንዱን ተቀበለ። ሽንት ቤቱ በገበያ ቀን ብቻ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ቀኑ ስምንት፣ ይከፈታል።

የተከፈተው ጥቅምት ላይ፣ ግሌኒስ ሥራ ልትለቅ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀራት ነው። ለሚስተር ሾሮክ ደውላ ነገረቻቸው። አይተው እንደሚያስቡበት ተናገሩ። በዚያ ማክሰኞ አልመጡም። በሚቀጥለው ከእህታቸው ልጅ ጋር መጡ። ከግሌኒስ ጋር የተገናኙት ሽንት ቤቱ በር ላይ ነበር፤ ሲወጡ እጃቸውን በሱሪያቸው እየጠረጉ።

"ሳሙና የለውም" አሏት።

እነግራቸዋለሁ አለች። ከዚያ ሚስተር ሾሮክ አይብ ሻጩ ጋ ሄደው ወረፋ ያዙ። ፊታቸው ገርጥቶ፣ በእህታቸው ልጅ ክንድ ተደግፈው ነበር የቆሙት፤ ተራቸው እስኪደርስ ግን ከወረፋው አልወጡም። ግሌኒስ ጥቂት አየቻቸውና ሄደች።

ዓርብ ዕለት ኬክ ተቆረጠላት። ሚስተር ሃስላም አጭር ንግግር አደረጉ፣ ከንቲባው ስሟን አበላሹት። ሻንጣዋን መኪናዋ ውስጥ አስገብታ ነዳች፤ ቤቷ ስትደርስ ጫማዋን አውልቃ ሶፋው ላይ ጋደም አለች። ሰኞ ጠዋት በልማድ በአሥራ ሁለት ሰዓት ነቃች። ምን እንደሚቀራት ለማስታወስ ሞከረች፤ ሲጠፋት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ መልሳ ተኛች።